ምክር ቤቱ አዝኖላችኋል

ባለፈው የውይይት ምሽታችን ላይ አንድ ጓድ ተነሥቶ ስለ ከተማ ሠራተኞች ሲናገር እንዲህ አለ፤ «ጥሩ ምክር ቤት የሠራተኛውን ብሶት ሰምቶ የሚገባውን ይሰጣል፤ መጥፎ ምክር ቤት ደግሞ ውል ፈርሞም ያፈርሳል። ስለዚህ የኅብረት ድርድር፣ የኅብረት ስምምነት የሚባለው ነገር የወረቀት ጣጣ ነው። ዋናው ደመወዙ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ አብሮ ሲያጨበጭብ ነው የደረስኩበት። አነጋገሩ ያምራላ! እኛ ዘንድ ደግሞ ያማረ አነጋገር ሳይመረመር ማለፉ ክፉ ልማድ ሆኗል።

ማታ ዶርም ገብቼ ስገላበጥ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይህን የመሰለ ቃል ከዚህ በፊት የት ነው ያገኘሁት? እያልኩ ሳስብ ትዝ አለኝ። ያገኘሁት ከአንድ የከተማ ምክር ቤት ታሪክ ውስጥ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የሰው ሕይወት አልፏል። እንግዲህ ጓዱን በአክብሮት፣ ግን ያለ ይሉኝታ ልሞግተው ነው። ይህ የሥነ ጽሑፍ ቅጠል ነው፣ ስለ ቆሻሻ መኪና ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። ይኑር። የእኔም ጉዳይ ከሥነ ጽሑፍ ብዙ አልራቀም፤ አንድ ምክር ቤት በምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሰውን ከደጁ እንደሚመልስ ነው የምጽፈው።

ከተማዋ ሜምፊስ ትባላለች። በአሜሪካ፣ በቴኔሲ ግዛት፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ናት። ዘመኑ 1968 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ሕግ ስመለስ እነግራችኋለሁ።) ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያ እንደተገደለ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ምን ሊሠራ እንደሄደ ስጠይቅ ግን ከአምስት ጓደኞቼ አራቱ ዝም አሉኝ። የሄደው የከተማው ቆሻሻ አንሺዎች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ይዋዋሉ ዘንድ ሊያግዝ ነበር። የእኛ ጓድ «የወረቀት ጣጣ» ላላት ለዚያች ወረቀት ሲል።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን ዝናብ ይጥላል። ኤኮል ኮል እና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሠራተኞች ከዝናቡ ለመጠለል ከቆሻሻ መኪናው ኋላ፣ መጭመቂያው ካለበት ሆድ ውስጥ ይገባሉ። መጭመቂያው በድንገት ተነሣና ጨፈለቃቸው። ሠራተኞቹ ስለ አሮጌዎቹ መኪኖች አቤት ሲሉ ከርመው ነበር። ሰዎቹ በሰዓት ሂሳብ የሚከፈላቸው እንጂ በቋሚነት የተመደቡ ስላልነበሩ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አይደርሳቸውም። ከተማው ለየቤተሰቦቻቸው የአንድ ወር ደመወዝና ለቀብር የሚሆን 500 ዶላር ሰጠ። ልብ በሉ፤ ሰጠ። ከፈለ አይባልም፤ የሚከፍለው ዕዳ አልነበረበትማ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሃያ ሁለት ጥቁር የፍሳሽ ቦይ ሠራተኞች «ዝናብ ነው» ተብለው ወደ ቤታቸው ተሸኙ፤ ነጮቹ አለቆቻቸው ግን እዚያው ተቀምጠው የሙሉ ቀን ሂሳባቸውን አገኙ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1,300 ያህል ሰው ሥራ ሳይገባ ቀረ። ብዙዎቹ ከጧት እስከ ማታ ቆሻሻ ተሸክመው እየዋሉም ለድሃ ከሚሰጠው የመንግሥት ዕርዳታ ደረጃ አላለፉም ነበር። ታዲያ የጠየቁት ደመወዝ ብቻ ይመስላችኋል? ማኅበራችንን እወቁልን፣ ከማኅበራችን ጋር ተደራደሩና ውል ፈርሙ፣ የማኅበር መዋጮአችንን ከደመወዛችን እየቆረጣችሁ አስተላልፉልን፣ አቤቱታ የሚታይበት ሥርዓት ይኑር ነበር ያሉት። የማኅበራቸው ቁጥር 1733 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ1963 ለመደራጀት ሲሞክሩ ከሥራ የተባረሩትን 33 ሰዎች ያስታውሳሉ። ከነዚያ ከተባረሩት አንዱ፣ ቲ ኦ ጆንስ፣ አሁን የማኅበሩ መሪ ነው። በ1966 ደግሞ አድማ ሊመቱ ሲሰናዱ በፍርድ ቤት እግድ ተበትነዋል። ስለዚህ የ1968ቱ ጥያቄ ድንገት ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

ስለ መዋጮዋ ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። መዋጮ ከደመወዝ ላይ ካልተቆረጠ የማኅበሩ ሰው በየደመወዙ ቀን ሳንቲም ሊለቅም ቤት ለቤት መዞር አለበት። ደመወዟ ለዳቦ የማትበቃ ሰው ደግሞ ዛሬ የለኝም፣ ለሚመጣው ሳምንት ይላል፤ ማን ይፈርድበታል? አለቃው ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ ከመኪናው ጎን ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለው ማኅበር በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ ይህን ከማንም አብልጦ ያውቃል፤ ከንቲባ ከመሆኑ በፊት የዚሁ የሕዝብ ሥራ መምሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው ነውና። ስለ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ ሊለሳለስ ይችል ነበር። ስለ ማኅበሩ ዕውቅናና ስለ መዋጮዋ ግን ንቅንቅ አላለም። የከተማ ሠራተኛ አድማ መምታቱ ሕገ ወጥ ነው፣ መጀመሪያ ሥራ ግቡ፣ ብሶታችሁን እንሰማለን አለ። ጓዴ፣ አንተ «ዋናው ደመወዙ ነው» ስትል ከንቲባው ግን ዋናው የቱ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር!

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንምጣ። ምክር ቤቱ አዲስ ነው። አሮጌው የኮሚሽነሮች አስተዳደር ፈርሶ ከንቲባና አሥራ ሦስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። ከአሥራ ሦስቱ ሦስቱ ጥቁሮች ናቸው። የተመረጡት ለውጥ ይመጣል ተብሎ ነው። በአጭሩ፣ የእኛ ጓድ «ጥሩ ምክር ቤት» ሲል የሚያልመው ዓይነት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን የሕዝብ ሥራ ጉዳይ ኮሚቴው ሠራተኞቹን ለመስማት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ፍሬድ ዴቪስ ከሦስቱ ጥቁር አባላት አንዱ ነው። ሠራተኞቹ በመቶዎች ሆነው መጡና አዳራሹን ሞሉት። መልስ ካላገኘን አንወጣም አሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዳቦና ሥጋ አስመጡና እዚያው ምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ እየቆረጡ ሳንድዊች ሠርተው በሉ። በእኔ አስተያየት ይህች ትዕይንት ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። የዚያን ቤት ቆሻሻ ለዓመታት የተሸከሙ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ተቀምጠው ምሳ በሉ። ዘምረዋል፣ ጸልየዋል፣ ተናግረዋል። ወደ ማታ ኮሚቴው ተመካከረና ከተማው ማኅበሩን እንዲያውቅ፣ መዋጮውም እንዲቆረጥ ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቀርባለሁ አለ። ሕዝቡ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ፌብሩዋሪ 23 ምክር ቤቱ በሙሉ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ከሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች የማታውን ቃል ሊሰሙ ተቀምጠዋል። የተነበበው ግን ሌላ ወረቀት ነው። የኮሚቴው ሐሳብ ተወግዶ በቦታው ሌላ ውሳኔ ተተካ፤ ፍሬ ነገሩም የከተማውን ሠራተኞች ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን የከንቲባው ነው፣ የእኛ አይደለም የሚል ነው። ጉዳዩ ይታሰብበታል፣ አንዳንድ ነገር ይሻሻላል የሚል ቅባትም ተቀብቶበታል። ለሠራተኛው መድረክ ሳይሰጥ ስብሰባው ተዘጋ። ሠራተኞቹና አብረዋቸው የነበሩት ቀሳውስት በዋናው መንገድ ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ እየረጨ ደበደባቸው። በማግስቱ ደግሞ ፍርድ ቤት አድማውን የሚያግድ ትእዛዝ አወጣ።

እንግዲህ ያችን ወረቀት እንደ ጽሑፍ እንመርምራት። ምክር ቤቱ «አንፈልግም» አላለም። «አንፈልግም» የሚል ሰው ቢያንስ ይጠየቃል፤ ለምን? ይባላል። ምክር ቤቱ ያለው «ሥልጣኑ የእኛ አይደለም» ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ፊት የለውም፤ ብትመታው ባዶ ነው። የቀረው ደግሞ በእኛም ቋንቋ በደንብ በምናውቃቸው ግሶች የተሞላ ነው፤ ይታያል፣ ይታሰብበታል፣ ይሻሻላል። ማን ነው የሚያየው? ማን ነው የሚያስበው? መቼ? ባለቤት የሌለው ግስ ቀጠሮም የለውም። ቀበሌ ደጅ የተመላለሰ ሰው ይህን ሰዋስው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

የእኛ ጓድ እዚህ ላይ «ይኸው፣ መጥፎ ምክር ቤት ነበራ!» ሊል ይችላል። አይ፣ እንዲህ በቀላሉ አላሳልፈውም። ዴቪስና ጓደኞቹ በፌብሩዋሪ 22 ማታ ያሰቡት ከልባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ምክር ቤቱ ውስጥ ለሠራተኛው የሚያዝን ሰው አልጠፋም። ነገር ግን ያ ሐዘን ስንት ጊዜ ኖረ? አንድ ሌሊት። ማታ የተሰጠው ጧት ተወሰደ፤ የወሰደውን የሚከስበት አንድም የተፈረመ ቃል አልነበረም። ደግነት ያለ ውል ሲቀር የሰጪው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተቀበሩበት 500 ዶላርም እንዲያው ደግነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፍ። ማርች 18 ኪንግ መጥቶ ተናገረ። ማርች 28 የመራው ሰልፍ ታወከ፤ አንዳንድ ወጣቶች መስተዋት ሰበሩ፣ ፖሊስ በጋዝና በዱላ ገባ፣ ላሪ ፔይን የሚባል የ16 ዓመት ልጅ በፖሊስ ጥይት ሞተ። የክልሉ ብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ከተማዋን ሞሏት። በማግስቱ ሠራተኞቹ ሳንጃ በተሰካበት ጠመንጃ መካከል በአንድ ረድፍ ሲያልፉ እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አንግበው ነበር፤ «እኔ ሰው ነኝ»። ወደ አማርኛ ስንመልሰው አንድ ነገር ይጎድልበታል። እዚያ አገር ጥቁር ሰው ሽበት አውጥቶም ልጆች ወልዶም «ቦይ» ነበር የሚባለው፤ እንደኛ «አንተ ልጅ»፣ «አሽከር» እንደ ማለት። ጽሑፉ ለዚያ የተሰጠ መልስ ነው። ስለ ዶላር አንድ ቃል የለበትም።

(በነገራችን ላይ፣ በዚያው ሰሞን፣ ማርች 30 ቀን 1968፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በራስ መኮንን አዳራሽ የሚታየውን የፋሽን ትርዒት በመቃወም ተነሥተው ነበር፤ ነገሩ በእሥራትና ዩኒቨርሲቲውን በመዝጋት አለቀ። ያን ቀን ስናነሣ እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። ግን ትርዒቱ ሲያልቅ ያን አዳራሽ ማን ጠረገው ብሎ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።)

ኤፕሪል 4 ኪንግ በሎሬን ሞቴል በረንዳ ላይ ተገደለ። ኤፕሪል 8 በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዝምታ ተሰለፈ፤ ባለቤቱ ኮሬታ ከፊት ነበረች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣኑን ጄምስ ሬይኖልድስን ልኮ ሁለቱን ወገን አስቀመጠ። ኤፕሪል 16 ቀን ስምምነት ሆነ፤ ምክር ቤቱም አጸደቀው።

በዚያ ስምምነት ውስጥ ምን አለ? ማኅበሩ ታወቀ። የአቤቱታ ሥርዓት ተዘረጋ። ደመወዝ ከሜይ 1 ጀምሮ በሰዓት 10 ሳንቲም፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ሌላ 5 ሳንቲም ተጨመረ። መዋጮዋስ? እሷ በብልሃት ታለፈች። ከተማው ከደመወዝ ላይ ቆርጦ ለሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ያስተላልፋል፤ ከዚያ ማኅበሩ መዋጮውን ይወስዳል። ስለዚህ ከንቲባው መዋጮ አልቆረጥኩም ማለት ይችላል፤ መዋጮውም ይቆረጣል! 65 ቀን ሙሉ «በመርህ ደረጃ አይሆንም» የተባለው ነገር በአንዲት ዙሪያ ጥምጥም ሆነ።

የተስማሙበትን ወረቀት የኮሚቴው ሰዎች ፌብሩዋሪ 22 ማታ ካሉት ጋር አስተያዩት። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ዕውቅናና መዋጮ። በመካከላቸው ያለው 54 ቀን ነው። በዚህ 54 ቀን ውስጥ የቴኔሲ ሕግ አልተለወጠም። የከተማው ቻርተር አልተለወጠም። የምክር ቤቱ አባላት እነዚያው አሥራ ሦስቱ፣ ከንቲባውም ያው ሎብ ነው። «ሥልጣኑ የእኛ አይደለም» ያለው ምክር ቤት ሥልጣኑን ከየት አመጣው? ከየትም አላመጣውም። ሲጀመርም ኪሱ ውስጥ ነበር። የተጨመረው ላሪ ፔይንና ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ደመወዙ፣ ጓዱ ዋናው ነው ስላለው። አሥራ አምስት ሳንቲም በአርባ ሰዓት ሲባዛ በሳምንት ስድስት ዶላር ይመጣል። የመጀመሪያውን ጭማሪ ለመሸፈን በጀቱ የለም ሲባል ገንዘቡን የሰጠው ኤብ ፕላው የሚባል የከተማው ባለጸጋ ነው፤ ስሙም እንዳይነገር ነበር የፈለገው። ማለፊያ ሰው ነው፤ ነገር የለኝም። ግን ነገሩን አያችሁት? ደመወዙን አንድ ባለጸጋ ከኪሱ አውጥቶ ሊሸፍነው ቻለ። ፊርማውን ግን ባለጸጋ ሊሸፍነው አይችልም። ከተማው ራሱ እጁን ዘርግቶ ይህ ሰው ከእኔ ጋር ይዋዋላል ማለት ነበረበት። ከቁራሽ ዳቦ በፊት ያስጨነቀው ያ ነው።

«የከተማ ሠራተኛ ሲያድም የሚጎዳው ድሃው ነው፣ ቆሻሻው በድሃው ደጅ ነው የሚከመረው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይከመራል። ለዚህም ነው ውሉ አስቀድሞ መፈረም ያለበት። ሌላ ምን ልበል?

ጓዱን የምሰማበት አንድ ነጥብ አለ። ውል ሁሉን አልፈታም። የ1968ቱ ሠራተኞች ከከተማው የጡረታ ዕቅድ ይልቅ የፌዴራሉን የማኅበራዊ ዋስትና መርጠው ነበር፤ ምርጫው አልበጃቸውም፣ አንዳንዶቹ ጉልበታቸው አልቆም እዚያው መኪና ላይ ሲሠሩ አረጁ። በ2017 ከተማው በሕይወት ለቀሩት ጥቂት የአድማው ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ከ50,000 ዶላር የማያንስ ገንዘብ እንዲሰጥ ወሰነ። ከ49 ዓመት በኋላ! ስለዚህ ውል ተአምር ይሠራል አላልኩም። ሰዎቹ ግን ያን ሁሉ ዓመት በማኅበራቸው ስም ቆመው «ተፈርሞልናል» እያሉ ተከራከሩ፤ ያልተፈረመለት ሰው የሚከራከርበት ቃል ከየት ያመጣል?

ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት የእኛው ነው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው ይላል፤ ከአሠሪያቸው ጋር የመደራደር መብትም አብሮ ተጽፏል። ማለፊያ። ግን የትኞቹ ሠራተኞች እንደሆኑ በሕግ «ይወሰናል» ይልና ያልፋል። ያቺ ባለቤት የሌላት ግስ እዚህም አገኘችን! ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ የኅብረት ድርድርን ሥርዓት በሰፊው ዘረዘረ፤ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ግን ከወሰኑ ውጭ አደረጋቸው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ማኅበሩን ይዞ ጠረጴዛ ፊት ሊቀመጥ ይችላል፤ የከተማ አስተዳደር ተቀጣሪ ሆና ማዘጋጃ ቤቱን የምትጠርግ እናት ግን ለዚያ ጠረጴዛ ወንበር አልተሠራላትም። ማመልከቻ መጻፍ ትችላለች። ማመልከቻዋም ይታያል።

በየሰፈሩ በጋሪ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡትስ? እነሱ «በማኅበር ተደራጅተዋል» ይባልላቸዋል። ቃሉን እዩት። ያ ማኅበር የንግድ ማኅበር ነው፤ በሰበሰበው ልክ ይከፈለዋል። ሴትዮዋ በወረቀት ላይ ባለቤት እንጂ ሠራተኛ አይደለችምና ደመወዝ ጨምሩልኝ ብትል ለማን ትላለች? ለራሷ ናታ! ሜምፊስ ውስጥ ሁለት ወር ተሙቶበት የተገኘው ቃል እኛ ዘንድ ትርጉሙ ተቀይሮ በነጻ ይታደላል።

ጓዱ መልስ ካለው በሚቀጥለው ቅጠል ላይ ይጻፍ፤ ገጹን ለመልቀቅ አዘጋጆቹ ፈቃደኞች ናቸው። ጽሑፉ እንደ ንግግሩ እንዲያምር አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ ያምጣልኝ፤ ከፌብሩዋሪ 22 እስከ ኤፕሪል 16 የተለወጠው ሕግ የትኛው ነው?